ግድግዳ ቀለም አልቀበል ሲል

ይህን መጽሔት የምታነቡት አብዛኛዎቻችሁ በኪራይ ቤት የምትኖሩ ናችሁ ብዬ ብገምት ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። እንግዲያውስ ንባቡን ለአፍታ ግቱና ከአልጋችሁ ራስጌ ያለውን ግድግዳ ተመልከቱት። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገልብጦ፣ ወይም እንደሚጋገር እንጀራ ዓይን አውጥቶ፣ ወይም ልብሳችሁ በነካው ቁጥር ነጭ ዱቄት የሚያለብሳችሁ እንደ ሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ተጻፈ። ቀለሙ ደኅና ከሆነም አንብቡት፤ ክረምት ይመጣል።

ስለ ግድግዳ ቀለም መጻፍ ለመጽሔት ያንሳል የሚል ሰው አይጠፋ ይሆናል። ስለ ሥልጣኔና ስለ ዕድገት፣ ሰው ወደ ጨረቃ ስለ መሄዱም ብዙ እናነባለን። ነገር ግን በምንተኛበት ክፍል ውስጥ የደመወዛችን እኩሌታ በየዓመቱ እየተላጠ ወደ ወለል ሲረግፍ ጠርገን እናወጣውና ዝም እንላለን። ሌላ ጋሎን ቀለም እንገዛለን፤ እርሱም ይረግፋል። ከዚያ በኋላ ቀለሙን የሠራውን ፋብሪካ እንረግማለን። እኔ ግን በዚህ ነገር ፋብሪካው የሚረገመው በከንቱ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም እነግራችኋለሁ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከተማዪቱ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንደምትገኝ ታውቃላችሁ። በ1950ዎቹ ዓመታት የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ተተከለባት፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተባት፤ ከዚያ ወዲህ ቀጥ ቀጥ ያሉት ጎዳናዎቿና ዘንባባዎቿ በሥዕል ፖስታ ላይ ሳይቀር ታዩ። ከጎዳናው ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ ግን የጭቃ ቤቱ ብዙ ነው፤ እንጨቱ የቆመ፣ ጭቃው በጭድ የተቦካ፣ ምርጊቱ በእጅ የተለሰነ። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። በእነዚህ ወራት ውሃው በላይ ብቻ አይደለም፤ ከእግር ሥርም አለ። ጫማችሁን ከአልጋ ሥር ለሁለት ሳምንት ብትረሱት ሻጋታ አብቅሎ ታገኙታላችሁ።

አከራዬ ባላቸው ያረፉባቸው ሴት ናቸው። በግቢያቸው ውስጥ ሦስት ክፍሎች አሉ፤ አንደኛውን እኔ ተከራይቻለሁ፣ በሁለተኛው እርሳቸው ይኖሩበታል፣ ሦስተኛው ታሪኩ የሚነገርለት ክፍል ነው። ይህ ክፍል በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል። እኔ ወደ ግቢው የገባሁ ጊዜ ሦስተኛው ቀለም ገና ዓመቱን ሳይደፍን በጨርቅ ያህል ስፋት እየተገነጠለ ይወርድ ነበር። በጥቅምት ወር አዲስ አበባ የተዳረችው ልጃቸው የበኩር ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት እንደምትመጣ የሚገልጽ ወሬ መጣ። የመውለጃዋ ወር ጥር ነው። እናትዬው ዕቁብ ደረሳቸው፤ ገንዘቡንም በጉያቸው ይዘው ወደ ክፍሌ መጡና «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ አራሷን በዚህ ቤት አስተኝቼ ጠያቂ ሰው ፊት አልዋረድም። ለአራተኛ ጊዜ ላስቀባው ወይስ ገንዘቤን ለገንፎና ለቅቤ ላድርገው?» አሉኝ።

ጥያቄው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያ ዕቁብ የተጣለው ከጠላ ሽያጭ ነው፤ ሳንቲም በሳንቲም። ምክር ሰጪ ደግሞ በሰፈሩ ሞልቷል። አንዱ «ሙሉውን በዘይት ቀለም ይቀባ፤ ዘይት ውሃ አያስገባም» አለ። ሌላው «ጭቃው በስሚንቶ ይለሰን» አለ። ሦስተኛው ስቱኮ እንዲደፈንበት መከረ። ሁሉም የሚናገሩት ከላይ ምን እንደሚለጠፍ ነው፤ ከሥር ምን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ አመጣን፤ ዕድሜአቸውን በዚሁ ሙያ የፈጁ ሰው ናቸው። ቆርቆሮ ቀለምም ቡሩሽም ይዘው አልመጡም። ወደ ክፍሉ ገብተው ከላይኛው ግድግዳ የተንጠለጠለውን አንድ ልጣጭ በጣታቸው ቆንጥረው አወረዱና ጀርባውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ተመለከቱት። እናንተም ይህን ልብ በሉ። የተላጠ ቀለም ወሬው ያለው በጀርባው ነው፤ ፊቱን ብታዩ ምንም አይነግራችሁም። ጀርባው በነጭ ዱቄት ተለውሶ ነበር። ሰውዬውም «እትዬ፣ ቀለሙ እንኳ ጥፋት የለበትም። እርሱ ኖራውን አጥብቆ ይዟል፤ ኖራው ነው ግድግዳውን ያልያዘው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግድግዳው ድሮ በኖራ የተቀባ ነበር። ኖራው አርጅቶ ዱቄት ሆኗል። በዚያ ዱቄት ላይ የፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ ቀለሙ የሚጣበቀው በዱቄቱ ላይ ነው። የፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ይጎትታል፤ ዱቄቱም የሚይዘው ስለሌለ አብሮ ይነሣል። በዱቄት ላይ መቀባት በአመድ ላይ ፕላስተር እንደ መለጠፍ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ጥቁር ጨርቅ ወስዳችሁ ግድግዳውን እሹት፤ ጨርቁ ከነጣ ቀለም አትግዙ፤ መጀመሪያ ዱቄቱን አስወግዱ።

ወደ ታችኛው ክፍል ስንመጣ ግን በሽታው ሌላ ሆነ። ሠራተኞች ዞኮሎ የሚሉት ከወለል እስከ ወገብ ድረስ ያለው መስመር በቡና ዓይነት የዘይት ቀለም ተቀብቶ ነበር። እርሱ አብጦ ፊኛ ፊኛ መስሏል። ሽማግሌው አንዱን ፊኛ በቢላዋ ጫፍ ሲወጉት ከውስጡ እርጥብ ጭቃ ታየ፤ ዳር ዳሩንም እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር አቁሯል። ይህ ጨው መሰል ነገር ከአፈርና ከጭቃው ውስጥ ውሃ ያሟሟው ነው። ውሃው ወደ ውጭ ሲወጣና ሲተን ጨውን ከቀለሙ ሥር ጥሎት ይሄዳል፤ ጨውም ሲጠጥር ቀለሙን ገፍቶ ያነሣዋል። ዘይት ውሃ አያስገባም ያለው ጎረቤታችን እውነቱን ነው፤ ነገር ግን አያስወጣምም። ከታች የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ከዞኮሎው በላይ ያለውንም ያበላሸዋል።

እኔም ከትምህርት ቤት ያስታወስሁትን አንድ ፈተና ጨመርሁ። የመዳፍ ሁለት እጅ የሚሆን ግልጽ ላስቲክ ቆርጬ አራቱን ጠርዝ በፕላስተር አጥብቄ ከግድግዳው ላይ ለጠፍሁት። እርጥበቱ የሚመጣው ከክፍሉ አየር፣ ማለት ከእስትንፋስና ከጀበና እንፋሎት እንደ ሆነ ጠሉ የሚታየው በላስቲኩ ፊት ላይ ነው፤ ከግድግዳው ከሆነ በላስቲኩ ሥር ነው። በሁለተኛው ቀን ስናየው ጠሉ ከሥሩ ነበር። ሽማግሌው ላስቲኩን አይተው ሳቁና «እኔ ይህን የምለየው በመዳፌ ነው፤ ግን ለሚጠራጠር ሰው ደግ ነው» አሉ።

ከዚህ በኋላ ሁላችንም ወደ ውጭ ወጣን፤ የክፉው ነገር ሥር ያለው እዚያ ነበርና። ከክፍሉ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው አምስት የጌሾ ዛፎች ቆመዋል። አፈሩ በየዓመቱ እየተቆለለባቸው ከውስጠኛው ወለል አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሏል። የልብስና የዕቃ እጣቢ ሁሉ በበጋ ለእነርሱ ይደፋል። ጌሾውን የተከሉት ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው። ጠላው የሚጠመቀው በዚህ ጌሾ ነው፤ ዕቁቡ የሚጣለው ከጠላው ነው፤ ቀለሙ የሚገዛው በዕቁቡ ነው። አንባቢዎቼ፣ ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

እሜቴ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። የዚያን ዕለት ቡና አልተፈላም።

እርሳቸው እስኪወስኑ ድረስ እስቲ ትንሽ ወደ ሐይቁ ልውሰዳችሁ። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ስትሻገሩ፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የምትባለው ክብ ቤተ ክርስቲያን አለች። የመቅደሷ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ አሁን ከምናየው ሥዕል ብዙው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ከባሕር ዳር ርቃ በደቅ ደሴት አጠገብ የምትገኘው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም እንዲሁ በሥዕል የተዋበች ናት። እኔ እነዚህን ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ዓይቻለሁ፤ ከአከራዬ ግድግዳ በኋላ ግን የማያቸው በሌላ ዓይን ነው። ያ ግድግዳ በሐይቅ መካከል እያለ እንዴት ቀለም ያዘ?

ሠዓሊዎቹ የጭቃ ግድግዳን ጠባይ አሳምረው ያውቁ ኖሯል። ከሥዕሉ ብዙው በቀጥታ በግድግዳው ላይ የተሣለ አይደለም። የጥጥ ጨርቅ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ በጨርቁ ላይ ነጭ መደብ ይቀባል፤ ሥዕሉ በዚያ ላይ ይሆናል። ጭቃው ሲሰነጠቅ ጨርቁ ትንሽ ይታዘዛል። ከዚህ የሚበልጠው ጥበብ ግን ከሥዕሉ በፊት የተሠራው ነው። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ መቅደሱን ክቡ ግድግዳና ማኅሌቱ ከውጭ ይከቡታል፤ ጣራውም ወደ ውጭ ሰፍቶ ይወርዳል። ዝናብ መቅደሱን በቀጥታ አያገኘውም። ቀለም ከመበጥበጡ አስቀድሞ ግድግዳው ደረቅ ሆኖ ተዘጋጅቶለታል ማለት ነው። ጣራ ባፈሰሰበት ስፍራ ግን ሙጫው ይለቅና ጨርቁ እንደ ረጠበ ልብስ ይንጠለጠላል፤ እንዲህ ያለ ጉዳት በጣና ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ታይቷል።

ይህ ጨርቅ መልካምም ክፉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ ቡድን ጎንደር ገብቶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወሰደ፤ በቦታቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል የቡድኑ ሠዓሊ በሌሎች እየታገዘ የሣላቸው ቅጂዎች ተተኩ። ዋናዎቹ ዛሬ ያሉት ፓሪስ፣ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ሥዕሉ በጭቃው ላይ በቀጥታ የተሣለ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ተጠቅልሎ ባሕር ባልተሻገረ ነበር።

ደግሞ ቀለም አልይዝ ማለት የድሃ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በሚላኖ ከተማ የመጨረሻውን እራት የሣለው እ.ኤ.አ. ከ1495 እስከ 1498 ባለው ጊዜ ነው። የአገሩ ልማድ ቀለሙን በእርጥብ የኖራ ልስን ላይ ማሳረፍ ነበር፤ ኖራው ሲደርቅ ቀለሙን ከራሱ ጋር ድንጋይ ያደርገዋልና። ያ ግን ሠዓሊውን ያስቸኩላል። ሊዮናርዶ መቸኮል ስላልወደደ በደረቀ ልስን ላይ ሣለ። ሥዕሉ ገና 20 ዓመት እንዳለፈው መበላሸት መጀመሩን ያዩ ሰዎች ጻፉ። በኋለኛው ዘመን የተደረገው ጥገና ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ተፈጸመ። ለመጠገን የወሰደው ጊዜ ለመሣል ከወሰደው ብዙ እጥፍ ነው።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። በሦስተኛው ቀን እሜቴ ራሳቸው ዶማ ይዘው ወጡ። ከአምስቱ ጌሾ ግድግዳውን የነኩት ሁለቱ እንዲቆረጡ፣ ሦስቱ እንዲቀሩ ፈቀዱ። እኔና አንድ የቀን ሠራተኛ የተቆለለውን አፈር ከወለሉ በታች እስኪሆን ድረስ ዛቅን፤ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቀን ወደ መንገድ የሚያወርድ ቦይ ቆፈርን። የእጣቢ ውሃውም ቦታ ተለወጠለት። ወጪው የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነው፤ መጠበቅን ደግሞ ማንም አይወደውም። የአንድ ክረምት ውሃ በአንድ ሳምንት አይወጣም። ታንኳ የሚሠሩትን የሐይቁን ሰዎች ተመልከቱ፤ ታንኳው ደንገል ነው፤ ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ከሐይቁ ሲመለሱ ወደ ዳር አውጥተው በፀሐይ ያሰጡታል። ሳይደርቅ ደግመው ቢያስገቡት ቶሎ ይበሰብሳል። ግድግዳም ያው ነው። ኅዳርን በሙሉ መስኮቱን ከፍተን ተውነው።

ነገር ግን ዝም ብለን አልተቀመጥንም፤ የላላው ቀለም ሁሉ መፋቅ ነበረበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። የቀን ሠራተኛው የዘይቱን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቅ ሲጀምር ያስቆምሁት እኔ ነኝ። ብዙ የድሮ የዘይት ቀለሞች እርሳስ የሚባለው ብረት አለባቸው። የዚህ ብረት ትቢያ በትንፋሽና በአፍ ወደ ሰው ይገባል፤ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ በፅንስም ላይ ጉዳት ያደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያመጣ መጠን አልታወቀለትም ይላል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ደንቡ ግን ቀድሞ የተቀባውን ግድግዳ ሊፍቀው አይችልም። አራስ ልትተኛበት ባለ ክፍል ውስጥ ይህን ትቢያ ማስነሣት እናትንና ልጅን መበደል ነው። ስለዚህ ግድግዳውን በውሃ እያረጠብን፣ በወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፈን፣ በመፋቂያ ብቻ አነሣነው። ልጣጩን ሰብስበን በላስቲክ ቋጥረን አስወገድን፤ አላቃጠልነውም፤ ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመን ወለወልን። ልጅቱም ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ከአዲስ አበባ እንዳትነሣ ተላከባት።

ስሚንቶ ያለውን ጎረቤት ሽማግሌው በአንድ ቃል መለሱት፤ «ስሚንቶ ከጭቃ ጋር ዝምድና የለውም» አሉ። እውነት ነው። ስሚንቶ ግትር ነው፤ ጭቃ ግን ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሁለቱ ይለያያሉ፤ በመካከላቸው የታሰረው ውሃ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ምስጥም ይከተላል። ለጭቃ ቤት የሚስማማው ያው የጥንቱ ኖራ ነው፤ የሚተነፍስ ስለ ሆነ።

ስለ ኖራ ብዙ ሰው የሚያውቀው ጥቂት ነው። የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲቃጠል በውስጡ ያለው የካርቦን አየር ይወጣል። በውሃ ሲበርድ ይፈላል፤ ከዚያ ነጭ ሊጥ ይሆናል። በግድግዳ ላይ ስንቀባው ያንኑ አየር ከክፍሉ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። እንዲያ የሚሆነው ግን ቀጭን ሆኖ ከተቀባ፣ ግድግዳውም አስቀድሞ በውሃ ከታበሰ ነው። ወፍራም አድርጎ በደረቅ ግድግዳ ላይ ለአንድ ጊዜ የቀባው ሰው ዱቄት ያተርፋል። የአከራዬ የመጀመሪያው ኖራ ዱቄት የሆነው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ሽማግሌው ኖራውን በበርሜል ውሃ ውስጥ ለሳምንታት አቆዩት፤ ስንጥቁን በጭድ ጭቃ ደፈኑ፤ ከዚያም ኖራውን እንደ ወተት አቅጥነው፣ በየቀኑ አንድ አንድ ጊዜ፣ አራት ጊዜ ቀቡት። የመጀመሪያው ሲቀባ ምንም የተቀባ አይመስልም ነበር፤ እሜቴም «ገንዘቤን በውሃ ነው የቀባችሁት?» አሉ። በሦስተኛው ነጣ። ኖራ ዓይንንና ቆዳን ያቃጥላልና እናንተ ስትሞክሩት እጃችሁን በጓንት፣ ዓይናችሁን በመነጽር ጠብቁ።

ቤታችሁ የብሎኬት እንደ ሆነ ኖራ አያስፈልጋችሁም፤ ነገር ግን አዲስ የስሚንቶ ልስን አንድ ወር ያህል ሳይደርቅ ቀለም አታስነኩት። አሮጌ የዘይት ቀለም ላይ የምትቀቡ ከሆነ ቅባቱንና ጥቀርሻውን በሳሙና አጥባችሁ፣ ልስላሴውን በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ሰብራችሁ፣ መጀመሪያ የመያዣ ቀለም ስጡት። ቀለሙን በውሃ የሚያበዛ ቀቢ ካያችሁም ባልዲውን ተቀበሉት።

ክፍሉ ገና ከመግባቱ በፊት አለቀ። ልጅቱ በጥር ወር ወንድ ልጅ ወለደች። ለዕቁቡ ገንዘብ የወጣው ከእኩሌታው ያነሰ ስለ ነበር ገንፎውም ቅቤውም አልተጓደለም። ለአራስ ጥየቃ የመጡት ሴቶች ግድግዳው ቀለም የሌለው መስሏቸው ነበር፤ አንዷም በነጠላዋ ጫፍ አሽታ አየችው፤ ነጠላዋ አልነጣም።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳው አንድ ክረምት አልፎታል። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በአንድ ጥግ ጥቂት ጨው ወጥቶበት በመስከረም በደረቅ ቡሩሽ ጠረግነውና ከበርሜሉ የተረፈውን ኖራ ደገምንበት። ከተቆረጡት ሁለት ጌሾዎች የተወሰዱት ቅርንጫፎች በአጥሩ ዳር ተተክለው አንደኛው ጸድቋል።